ከብረቱ ይልቅ ወረቀቱ፦ የወንጀል ፊልም መኪኖች ለነጋዴ የሚሰጡት ትምህርት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 2020 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ኪሲሚ በተባለች ከተማ በተካሄደ የመኪና ጨረታ ላይ አንዲት አረንጓዴ ፎርድ ሙስታንግ ወደ መድረክ ወጣች። ቀለሟ ደብዝዟል፣ አካሏ ተጫጭሯል፣ ዝገትም ጀማምሯታል። በእኛ የመኪና ገበያ ብትቆም ደላላው ገና ከሩቅ አይቶ «ቦዲዋ ብዙ ሥራ ይፈልጋል» በማለት ዋጋዋን ለማውረድ የሚጣደፍባት ዓይነት ነበረች። ይሁን እንጂ ጨረታው የተዘጋው በ3 ሚሊዮን 400 ሺህ ዶላር ነው። ገዢው ለአጫራቹ ድርጅት የሚከፍለው 10 በመቶ ሲታከልበት ሒሳቡ 3 ሚሊዮን 740 ሺህ ዶላር ደረሰ። እስከዚያ ቀን ድረስ በጨረታ ይህን ያህል የተከፈለበት ሙስታንግ አልነበረም።

በዚያው በ1968 ሞዴል የተሠራች፣ ተመሳሳይ ሞተር ያላትና በደንብ የተያዘች ሙስታንግ በወቅቱ ከ100 ሺህ ዶላር ባነሰ ዋጋ ትገኝ ነበር። ታዲያ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነው ልዩነት የተከፈለው ለምንድን ነው? መልሱ ቤት፣ መሬት፣ መኪናም ሆነ አሮጌ ዕቃ ለሚነግድ ሁሉ የሚጠቅም በመሆኑ የአራት መኪኖችን ታሪክ ከገበያ አንፃር እንመለከታለን።

ፊልሙ ማስረጃ አይሆንም

ሙስታንጓን ለዝና ያበቃት እ.ኤ.አ. በ1968 ለሕዝብ የቀረበው «ቡሊት» የተሰኘ የወንጀል ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው ፒተር የትስ፣ መሪ ተዋናዩ ደግሞ ስቲቭ ማክዊን ነበሩ። ማክዊን የሳን ፍራንሲስኮ መርማሪ ፖሊስ ሆኖ በጥቁር ዶጅ ቻርጀር የሚጓዙ ሁለት ነፍሰ ገዳዮችን በከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ያሳድዳል። ማሳደዱ 10 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ይፈጃል። በዚያ ዘመን ብዙ ፊልም ሠሪዎች የቆመ መኪና ከኋላው የሚንቀሳቀስ ምስል እያሳዩ ተመልካቹን ያታልሉት ነበር። የ«ቡሊት» አዘጋጆች ግን በእውነተኛ መንገድ ላይ በሰዓት ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ አስነድተው ቀረጹ። የመኪኖቹ ሞላዎች ለዝላዩ እንዲችሉ ቀድመው ተጠናክረው ነበር። ፊልሙ በምስል ቅንብር የኦስካር ሽልማት አግኝቷል።

ልብ ብሎ ያየ ተመልካች ግን ሁለት ጉዶች ያገኛል። አንዲት አረንጓዴ ቮልስዋገን በማሳደዱ መሐል ደጋግማ ትታለፋለች። ዶጇ ደግሞ አራት ጎማ ብቻ ይዛ ከአራት በላይ የጎማ ክዳን ጥላ ትሄዳለች። ምክንያቱ አንዱ ድርጊት ከተለያየ አቅጣጫ ተቀርጾ ቁርጥራጩ መቀጣጠሉ ነው።

በማያ ገጹ ላይ አንድ የምትመስለው ሙስታንግም በእርግጥ ሁለት ነበረች። መኪኖቹ ተመሳሳይ ቀለም የተቀቡ፣ የሻንሲ ቁጥራቸውም ተከታታይ ሆኖ በ558 እና በ559 የሚያበቃ ነበር። አንዷ ለከባዱ ዝላይ፣ ሌላዋ ተዋናዩ ለሚታይባቸው ትዕይንቶች ተመደቡ። ስለዚህ «ይህች የፊልሟ መኪና ናት» የሚል ሻጭ ፊልሙን ማሳየቱ ብቻ ምንም አያረጋግጥለትም። ገበያው የሚጠይቀው «የትኛዋ? በምን ታረጋግጣለህ?» ብሎ ነው።

አርባ አምስት ዓመት የተጠበቀ ሰነድ

559 ቀረጻው ሲያበቃ ለአንድ የስቱዲዮው ሠራተኛ ተሸጠች። ከእሱ በኒው ጀርሲ ወደሚኖር መርማሪ ፖሊስ ተላለፈች። ፖሊሱ እ.ኤ.አ. በ1974 «ሮድ ኤንድ ትራክ» በተባለው የመኪና መጽሔት ላይ ለሽያጭ አወጣት። የተጠየቀባት ዋጋ ወደ 6 ሺህ ዶላር ነበር። የገዛት አንድ የኒው ጀርሲ ቤተሰብ ሲሆን፣ መምህርት የነበረችው የቤቱ እመቤት ትምህርት ቤት ትመላለስባት ነበር። 65 ሺህ ማይል ያህል ከሄደች በኋላ በ1980 ፍሪሲዮኗ ተበላሸና ቆመች።

ከዚያ በፊት በ1977 አንድ ደብዳቤ መጥቶ ነበር። ጸሐፊው ስቲቭ ማክዊን ራሱ ነው። መኪናዋን መልሶ ሊገዛት እንደሚፈልግ፣ በምትኳ ተመሳሳይ ሙስታንግ ሊፈልግላቸው ፈቃደኛ መሆኑን፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠየቅ ከሆነ ግን ነገሩን መተው እንደሚሻል ገለጸ። ቤተሰቡ አልሸጠም። ተዋናዩም በ1980 አረፈ። በዚህ ጊዜ ማንም ያላሰበው ነገር ተከሰተ፤ ተቀባይነት ያላገኘው የግዢ ጥያቄ ራሱ የመኪናዋ ዋና ሰነድ ሆነ። ከተዋናዩ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? ደብዳቤውም በ2020 ከመኪናዋ ጋር አብሮ ተሸጠ።

ቤተሰቡ ሌላም ብልህነት ነበረው። አባት በ2014 ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ሞተሯን አስነስቶ በጃንዋሪ 2018 በዲትሮይት የመኪና ትርዒት ለሕዝብ ሲያቀርባት፣ ቀለሟን አላስቀባም፣ አካሏንም አላሳደሰም። ለፊልም ካሜራ ማሰሪያ የተበየዱት ብረቶች እንዳሉ ተገኙ። ለወጉ ያህል ጋራዥ ገብታ «ብትዋብ» ኖሮ ማስረጃው አብሮ ይታጠብ ነበር። ሰው ሁሉ ጉድለት ብሎ የሚቆጥረው ጭረት እዚህ ላይ እንደ ፊርማ ሆኖ ያገለግላል።

ሒሳቡ ሲሰላ

6 ሺህ ዶላሩን የግዢ ዋጋ አድርገን ብንይዝ፣ በ45 ዓመት 3 ሚሊዮን 400 ሺህ መድረሱ ከ560 ጊዜ በላይ ማደግ ነው። በዓመት ሲመነዘር 15 በመቶ ገደማ ይሆናል። በአንፃሩ 500 ታላላቅ ኩባንያዎችን የሚይዘው የአሜሪካ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ በ1974 መጨረሻ 68 ነጥብ ገደማ፣ በ2019 መጨረሻ ደግሞ 3,230 ገደማ ነበር። ይህም 47 ጊዜ ያህል ማደግ ነው። የትርፍ ድርሻው እየተመለሰ ቢታከልበት ደግሞ ዓመታዊው ውጤት ወደ 12 በመቶ ይጠጋል።

በዚህ ስሌት መኪናዋ አሸንፋለች። ግን ጥድፊያ አያስፈልግም። አክሲዮን የገዛ ሰው በየዓመቱ ገቢ ሲያገኝ፣ መኪናዋ ለ45 ዓመት አንድ ሳንቲም ሳታስገባ ማስቀመጫ ቦታ ወስዳለች። እሳት ወይም ሌባ ቢደርስባት ሀብቱ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይጠፋ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚያው ዓመት ሙስታንግ ገዝተው እስከ ዛሬ ያቆዩትን፣ ነገር ግን ፊልም ያልነካቸውን ሺዎች አንቆጥርም። የዕድለኛው ታሪክ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ የሌሎቹን የሚጽፍ የለም። ከአንድ ዕድለኛ ተነስቶ ገንዘብን በአሮጌ ብረት ላይ ማሰር የስሌት ስህተት ነው።

ሊቆራረጥ የነበረው ሀብት

የዝላይዋ መኪና 558 ዕጣ ሌላ ነበር። በቀረጻው ክፉኛ ስለተጎዳች ለቁርጥራጭ ብረት መሸጧ ይነገር ነበር፤ ሁሉም እንደ ጠፋች ቆጥሯት ኖሯል። በ2017 ግን በሜክሲኮ፣ ባሃ ካሊፎርኒያ ግዛት መገኘቷ ተሰማ። ነጭ ቀለም የተቀባች፣ ግቢ ውስጥ የተጣለች አካል ነበረች። የገዟት ሰዎች ዓላማ ቆርጠውና ቀጥለው የሌላ ፊልም መኪና ቅጂ ማድረግ ነበር። ሥራው ሳይጠናቀቅ የሻንሲ ቁጥሯ ቢጣራ የ«ቡሊት» ሁለተኛዋ ሙስታንግ ሆና ተገኘች። የፎርድን የምርት መዝገብ የያዘ ባለሙያም ቦታው ድረስ ሄዶ አረጋገጠ።

ቁጥሩ ሁልጊዜም እዚያው ነበር። ባለቤት ሲቀያየርባት ማንም ጊዜ ወስዶ ስላላነበበው ብቻ በቁርጥራጭ ዋጋ ስትንገላታ ኖረች።

ዝና ያለው ሁሉ አያተርፍም

ሦስተኛዋ መኪና ከፊልም የወጣች ሳትሆን ፊልም የተሠራላት ናት። ቦኒ ፓርከርና ክላይድ ባሮ የተባሉት ዘራፊዎች እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 1934 በሉዊዚያና ግዛት በፖሊስ ደፈጣ ሲገደሉ የነዷት ፎርድ ቪ-8፣ ከሳምንታት በፊት በካንሳስ ግዛት ከአንድ ቤት ደጃፍ የሰረቋት ነበረች። በጥይት የተበሳሳችውን መኪና ባለንብረቶቹ በፍርድ ቤት አስመልሰው ለትርዒት አከራዩዋት። ትርዒቱ ገንዘብ እንደሚያስገባ የታዘቡ አስመሳዮችም ሌላ ፎርድ በጥይት እየበሳሱ «እውነተኛዋ ይህች ናት» እያሉ ይዞሩ ጀመር።

በ1967 «ቦኒ ኤንድ ክላይድ» የተሰኘው ፊልም ሲወጣ የሕዝቡ ፍላጎት ናረ። በፊልሙ ላይ የታየችው ሌላ መኪና ብትሆንም ዋናዋ በ1973 በጨረታ 175 ሺህ ዶላር አወጣች። በ1988 ደግሞ በኔቫዳ ለአንድ የቁማር ቤት ባለቤት በ250 ሺህ ዶላር ተሸጠች። ላይ ላዩን ሲታይ ሻጩ 75 ሺህ ዶላር አተረፈ። ይሁን እንጂ በእነዚያ 15 ዓመታት የአሜሪካ የኑሮ ውድነት ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ አድጓል። የ1973ቱ ገንዘብ የመግዛት ኃይሉን ለመጠበቅ ብቻ ወደ 466 ሺህ ዶላር መድረስ ነበረበት። ስለዚህ መኪናዋ ከእውነተኛ ዋጋዋ ግማሽ የሚጠጋውን አጥታለች ማለት ነው። የሻጩን ኪሳራ የሚያቃልል ነገር ቢኖር መኪናዋን ለጎብኚ በማሳየት በየጊዜው ያገኘው ጥቅም ነው።

ሰነዷም እውነተኛ፣ ዝናዋም ታላቅ ነበር። ስህተቱ የጊዜ ነው፤ የፊልሙ ወሬ ገና ትኩስ ሳለ በከፍተኛ ዋጋ ተገዛች።

ስሙስ የማን ነው?

አራተኛዋ «ኤሌነር» ናት። በ1974 በወጣው «ጎን ኢን 60 ሰከንድስ» በተሰኘ የመኪና ሌቦች ፊልም ላይ ይህን የምስጢር ስም የያዘችው ቢጫ ሙስታንግ ነበረች። ማሳደዱ 40 ደቂቃ ያህል ሲወስድ 93 መኪኖች እንደተሰባበሩ ፊልሙ ይታወቅበታል። በ2000 ፊልሙ እንደገና ሲሠራ ስሙ ለሌላ መልክና ቀለም ላላት ሙስታንግ ተሰጠ። ቅጂዎቿን የሚሠሩ ጋራዦችም በየቦታው በዙ። የፊልሙ መብት ባለቤቶች «ኤሌነር እንደ ገጸ ባሕርይ የቅጂ መብት አላት» በማለት ለዓመታት ተከራከሩ። በሜይ 2025 ግን አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኤሌነር የቅጂ መብት የሚገባት ገጸ ባሕርይ አይደለችም ሲል ወሰነ።

ስሙን ብቻ አምኖ ገንዘብ ያወጣ ነጋዴ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ብረት የራሱ ሰነድ አለው፤ የስም መብት ግን በአንድ ፍርድ ሊተን ይችላል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

አዲስ አበባ ውስጥ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የፊልም መኪና አንሸጥም። ሆኖም መኪናን እንደ ባንክ ደብተር ቆጥሮ ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት ነጋዴ ብዙ ነው። ደላላውም «አንድ እጅ ብቻ ነው የያዛት» የሚል ታሪክ አያጣም። ስለዚህ ከአራቱ መኪኖች የሚቀዱ አራት ጥያቄዎች እነሆ።

አንደኛ፦ ሻጩ የሚነግረኝ ታሪክ በወረቀት አለ ወይ? ሊብሬው፣ የቀድሞ ባለቤቶች ውልና የጉምሩክ ሰነዱ እርስ በርስ ይገጣጠማሉ?

ሁለተኛ፦ በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር በዓይኔ አመሳክሬአለሁ ወይ? የ558 ባለቤቶች ሀብታቸውን ሊቆርጡት የደረሱት ይህን ባለማድረጋቸው ነው።

ሦስተኛ፦ ትርፌን የማሰላው በምንድን ነው? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብዙ ዕቃ በብር ሲቆጠር ጨምሯል። የጨመረው ግን የዕቃው ዋጋ ነው ወይስ የብሩ አቅም መቀነስ? የቦኒና ክላይድን ፎርድ ያስታውሷል።

አራተኛ፦ ዕቃው እስኪሸጥ ድረስ ምን ያስገባልኛል፣ ምንስ ያስወጣኛል?

የኒው ጀርሲው ቤተሰብ ሀብታም የሆነው ስለ ገበያ ትንቢት ስለነበረው አይደለም። የወደደውን ዕቃ ገዛ፣ ወረቀቱን አልጣለም፣ ጭረቱን አልሸፈነም። ዛሬ ማታ ቤት ሲገቡ የመኪናዎን ሊብሬና የግዢ ውል ከመሳቢያ አውጥተው አንድ ጊዜ ያንብቡ። የጎደለ ወረቀት ካለ የቀድሞው ባለቤት በሕይወት ሳለና አድራሻው ሳይጠፋ ቢሟላ ይሻላል፤ ገዢ ፊት ቆሞ ሰነድ መፈለግ ሁልጊዜ ዋጋ ያስወርዳል።