194,313፦ ለ7 ሲካፈል የማይተርፍ ቁጥር

ነገ ቆቦና ራያ ቆላ ስንመደብ «ትንሹ የጋራ ብዜት ምን ያደርግልናል?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። መልሱን ከባሕረ ሐሳብ እናምጣለት።

ጳጉሜን 6 የምትሆነው በየ4 ዓመቱ ነው፤ ሳምንት 7 ቀን፣ የጨረቃ ንዑስ ቀመር 19 ዓመት ነው። ከሦስቱ የትኞቹም ሁለቱ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ሁሉም የሚገጥሙት በ4 × 7 × 19 = 532 ዓመት ነው፤ ይህም ዐቢይ ቀመር ይባላል።

በቀን እንቁጠረው፦ 532 × 365 = 194,180። 133 ጊዜ የተጨመረችው 6ኛዋ ጳጉሜን ስትደመር 194,313 ይሆናል። ለ7 ብናካፍለው 27,759 ደርሶ ምንም አይተርፍም። አንድ ቀን ብትተርፍ ኖሮ ሰኞ የነበረው ማክሰኞ ይውል ነበር!

ተማሪው ግን ዝም ብሎ እንዳያባዛ እንጠንቀቅ። በየ4 እና በየ6 ቀኑ የሚጠጡ ሁለት የሽንኩርት መደቦች የሚገናኙት በ24 ሳይሆን በ12ኛው ቀን ነው። ለምን? 2 የጋራ አካፋያቸው ስለሆነ ነዋ!