ተርቧ ትቅደም፣ ቫይረሱ ይከተል፦ የአሜሪካ መጤ ተምችን ያለ ኬሚካል መከላከል

የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. በሀገራችን ከታየ ወዲህ ብዙ የበቆሎ አምራች ፊቱን ወደ ኬሚካል አዙሯል። ኬሚካሉ ግን ተምቹን የሚያጠፉ ጥቃቅን ተርቦችንም አብሮ ይፈጃል። በኬሚካሉ ፋንታ ተርብንና ተምቹን የሚገድል የነፍሳት ቫይረስን አጣምሮ መጠቀም ይቻላል፤ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው።

ቫይረሱ ተርቧን አያሳምምም። ይሁን እንጂ የአንዳንድ ተርቦች እጭ የሚያድገው በተምቹ ሆድ ውስጥ ስለሆነ፣ ተምቹ በቫይረስ ቀድሞ ከሞተ እጩም አብሮ ይሞታል።

መጀመሪያ አሰሳ ይደረግ። በቆሎው ከበቀለ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሳውን ዚግዛግ እየሄዳችሁ፣ በአምስት ቦታ አሥር አሥር ተክል ፈትሹ። የምትፈልጉት በጸጉር መሰል ነገር የተሸፈነ የእንቁላል ክምር፣ ተፍቆ ብርሃን የሚያሳልፍ ቅጠል፣ በተክሉ መሃል የተጠራቀመ የትል እዳሪ ነው።

እንቁላል እንደታየ ተርቦቹ ይለቀቁ። ለዚህ ቴሌኖመስ ሬመስ የተባለችው ትመረጣለች፤ በእንቁላሉ ላይ ያለውን ሽፋን አልፋ መውጋት ትችላለችና። ቫይረሱ የሚይዘው ቅጠል የሚበላውን ትል እንጂ እንቁላልን ስላልሆነ ሁለቱ አይሻሙም። እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚፈለፈል ግን መዘግየት አይገባም። ተርቦቹን የያዘውን ካርድ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይና ጉንዳን በማያገኘው የቅጠል ሥር አንጠልጥሉ። በማሳው ዳር አበባ ያላቸውን ዕፅዋት አትመንጥሩ፤ ተርቦቹ የአበባ ማር ይመገባሉ።

ከተርቦቹ አምልጠው የተፈለፈሉት ትሎች ከአንድ ሳንቲ ሜትር ሳያልፉ የቫይረሱ ተራ ይደርሳል። ከመርጨታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አትዝለሉ፦ ሃያ ያህል ትል ለቅማችሁ፣ እርስ በርስ ስለሚበላሉ ለየብቻ፣ አየር በሚያስገባ ዕቃ ከበቆሎ ቅጠል ጋር ለጥቂት ቀናት አቆዩ። በ2017 እ.ኤ.አ. በሀዋሳ፣ በጅማና በአዋሽ መልካሳ በተደረገ ጥናት፣ ኮቴሲያ አይሲፔ የተባለችው የሀገራችን ተርብ ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑትን ትሎች አጥቅታ ተገኝታለች። ማንም ሳይለቃት ይህን ያህል ከሠራች ሊከበርላት ይገባል። ከለቀማችኋቸው ትሎች ብዙዎቹ የሐር ከረጢት የሚሠራ የተርብ እጭ ካወጡ ርጭቱን አቆዩት፤ ወይም ጥቂት መደዳዎችን ሳትረጩ ተዉ።

ቫይረሱን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ በጥብጡ። ሳሙናና አመድ የነካው ውኃ አይሆንም፤ የቫይረሱን መከላከያ ሽፋን ያሟሟዋል። የፀሐይ ጨረርም ስለሚገድለው ከ10 ሰዓት በኋላ ርጩ። ትሉ ካልበላው ስለማይሠራ ፈሳሹ አዲሱ ቅጠል ወደሚወጣበት የተክሉ መሃል ይድረስ። አድገው መሃል የገቡትን ትሎች በእጅ መልቀም ይሻላል።

በማግስቱ ትሉ ሲንቀሳቀስ አይታችሁ ወደ ኬሚካል አትሩጡ። የተያዘው ትል መብላቱን እየቀነሰ ከጥቂት ቀናት እስከ አንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ይሞታል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይገኛል። አታንሱት፤ ሰውነቱ ሲፈስ ቫይረሱን ወደ ሌሎች ያዳርሳል። አሰሳውን ቀጥሉ፤ አዲስ የተፈለፈለ ትል ከታየ ርጭቱ ይደገም።

የሞተ ትል ፈጭታችሁ ቫይረሱን በቤት ውስጥ ለማዘጋጀት አትሞክሩ፤ ጎጂ ባክቴሪያ ሊቀላቀልበት ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ምርቱ በሀገር ውስጥ መመዝገቡን ከወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ።