እንስሳት ሐሳባቸውን ይመረምራሉ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከደጃች ውቤ ሰፈር ወደ ፒያሳ ስትወጡ አስፋልት ዳር የቆመ ውሻ ታያላችሁ። የፊት እግሩን ያስቀድማል፤ ታክሲ ሲመጣ ይመልሳል፤ ግራ ቀኝ አይቶ ደግሞ ይሞክራል። መጠራጠሩ ግልጽ ነው። መጠራጠሩን ግን ያውቀዋል ወይ? የዛሬው ትምህርታችን ይህ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ ታስተምራለች፦ እንስሳት ኀሙስና ዓርብ ተፈጠሩ፤ ሕይወታቸውም በደመ ነፍስ ነው። የሰው ነፍስ ግን ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሞት አያጠፋትም።

እንዲህ ሲባል ግን እንስሳ ምንም አያውቅም ማለት አይደለም። በስሙ በተጠራው ቅዳሴ የምናውቀው የ4ኛው መቶ ዓመት አባት ቅዱስ ባስልዮስ፣ ስለ ስድስቱ ዕለታት ሲሰብክ የአዳኝ ውሻን ነገር አንሥቷል። ውሻው የአውሬው ዱካ ሲከፋፈልበት እያንዳንዱን ያሸታል፤ ያልሆነውን ይተዋል፤ በቀረው ይሮጣል። ባስልዮስ ውሻ ልቡና ባይኖረውም የተሰጠው ስሜት በልቡና ፈንታ ያገለግለዋል ብሎ የፈጣሪን ጥበብ አደነቀ።

የዘመናችን ተመራማሪዎችም እንስሳ የራሱን ሐሳብ ያውቅ እንደሆነ ጠይቀዋል። ሮበርት ሃምፕተን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት ለጦጣዎች ሥዕል አሳይቶ ሰወረባቸው። ቆይቶም ሥዕሉን ያስታውሱ እንደሆነ ለመፈተን ምርጫ ሰጣቸው፦ ፈተናውን ወስዶ በትክክል የመለሰ የሚወደውን ምግብ ያገኛል፤ ፈተናውን የተወ ብዙም የማይወደውን። ጦጣዎቹ ወደው ሲፈተኑ ተገደው ከሚፈተኑበት ጊዜ የተሻለ መለሱ። የሚያስታውሱትንና የረሱትን የለዩ ይመስላል። ይህ ምን ያህል ራስን ማወቅ እንደሆነ ግን ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ።

ታዲያ ይህ ከትምህርታችን ጋር ይጋጫልን? አይጋጭም። ጦጣው መርሳቱን ለይቶ ፈተናውን ቢተው ምግቡን ላለማጣት ነው። ሰው ግን ሐሳቡን መርምሮ፣ "ይህ በእግዚአብሔር ፊት ቅን ነው ወይስ ክፉ?" ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ ጥቅሙ የነገረውን ትቶ እውነት ያዘዘውን ሊያደርግ ይችላል። ነፍሳችን ለባዊት ስለሆነች ትመረምራለች፤ ነባቢት ስለሆነች ለንስሐ አባቷ ትናዘዛለች፤ ሕያዊት ስለሆነች በፍርድ ቀን ትጠየቃለች።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ጭነት ተሸክሞ ዳገት የሚወጣውን አህያ "ምን ያውቃል" ብለን አንደብድበው፤ የፈጠረው ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ የተሰጠንን ልቡና ሥራ አናስፈታው፤ በየማታው ከጸሎት በፊት በቀን ያሰብነውን እንመርምር፤ ያጠፋነውን ሳናሳድር ለንስሐ እንቅረብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።