የቡና ዳኛ

አበቦች ለውድድር ሲቀርቡ ውበታቸውን ሁሉም ያያል። ፍርዱ ቢዛባ ተመልካቹ ዳኛውን ሊከራከረው ይችላል። የቡና ጥራት ግን በዓይን ብቻ አይለይም። ቡናው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ መቀመስ አለበት። ስለዚህ ገበሬው የቀማሹን ቃል ማመን ግድ ይሆንበታል።

ጌዴኦ የቡና አገር ነው። በዲላ ዙሪያ፣ በወናጎ፣ በይርጋጨፌና በኮቾሬ ቡና ከእንሰት ጋር በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። የአንድ ቤተሰብ የዓመት ልፋት በአንዲት ትንሽ ናሙና ይመዘናል። ታዲያ ቀማሹ እንዳያዳላ ምን ይደረጋል?

በመጀመሪያ የባለቤቱ ስም ይደበቃል። ናሙናው የሚቀርበው በቁጥር ነው። ቀማሹ «ይህ የዘመዴ ነው፤ ያ የባለጸጋው ነው» ሊል አይችልም። ቀጥሎም ከአንዱ ናሙና እኩል የተመዘነ ቡና በአምስት ሲኒ ይደረግና የፈላ ውሃ ይጨመርበታል። ቀማሹ መዓዛውን ያሸትታል፤ በማንኪያ እየማገ ይቀምሳል። ከአምስቱ አንዱ ሲኒ ቢበላሽ እንኳ ይታወቃል። እያንዳንዱ ቀማሽ ነጥቡን ለብቻው ይጽፋል።

በ2012 ዓ.ም. «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው የቡና ጥራት ውድድር በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። በዚህ ውድድር አንድ ቡና ደጋግሞ ይቀመሳል። ለሽልማት የሚበቃው ከመቶ 87 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ነው። አሸናፊው ቡና ለዓለም ገዢዎች በጨረታ ይሸጣል። ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬም ከትልቁ ጋር እኩል ይወዳደራል።

ነገር ግን የሚያሸንፉት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩትስ?

እስቲ አንዲት እናት ቡናቸውን ለውድድር አቀረቡ እንበል። አላሸነፉም። «ወድቋል» ብቻ ተብለው ቢመለሱ ምን ይላሉ? «ቀይ ቀዩን እየመረጥኩ መልቀሜ ምን ጠቀመኝ?» ይላሉ። በሚመጣው ዓመት ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ ይለቅሙታል። ቀማሹ ግን እንዲህ ቢላቸውስ? «እማማ፣ የቡናዎ መዓዛ ጥሩ ነው። ነገር ግን ያልበሰለ ፍሬ ተቀላቅሎበት አፍ ያኮማትራል። መሬት ላይም ስለደረቀ የአፈር ጣዕም ይዟል። ለከርሞ የበሰለውን ብቻ ይልቀሙ፤ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ያድርቁት።» እኒህ እናት ባያሸንፉም ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም።

ማበረታታት ማለት ነጥብ መጨመር አይደለም። አዝኖ ነጥብ የሚጨምር ዳኛ የሌላውን ድካም ይቀንሳል፤ የታዘነለትንም ሰው ጉድለቱን ይደብቅበታል። ቁጥሩ እውነተኛ ይሁን፤ ቃሉ ግን የሚያንጽ ይሁን።

አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። ሰውን የሚያንገበግበው መሸነፉ ሳይሆን በአድልዎ መሸነፉ ነው። ምክንያቱ የተነገረው ተሸናፊ ግን ለከርሞ ይዘጋጃል።

ጥያቄዎች
1. ናሙናው በስም ሳይሆን በቁጥር የሚቀርበው ለምንድን ነው?
2. አዝኖ ነጥብ መጨመር ማንን ይጎዳል?
3. በእናንተ ቀበሌ ውድድር ቢኖርና ዳኛ ብትሆኑ፣ ላላሸነፈው ሰው ምን ትሉታላችሁ?