የቤት ደላላ ፈቃዱን ሲያሳድስ ዕውቀቱንም ማደስ ይገባዋል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን ከነጋዴዎች መካከል ቈጥሮታል። ደላላ ማለት በነጻነትና በሙያው ጥቅም ለማግኘት ሲል፤ ሊዋዋሉ የሚፈልጉ ወገኖችን ፈልጎ የሚያገናኝ ሰው ነው። በእህልና በቅመም ድለላ ጊዜ ገዢው ዕቃውን በእጁ ዘግኖ ያየዋል። የቤት ደላላ የሚያገናኝበት ንብረት ግን ግማሹ ግድግዳና ጣራ፤ ግማሹ ወረቀት ነው። ግድግዳውን ማንም ያያል፤ ወረቀቱን ለማየት ግን መማር ያስፈልጋል።

ይህም ትምህርት አንድ ጊዜ ተምረው የሚጨርሱት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ አዘዘ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ሥርዓት መጣ፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ከለከለ። የሊዝ አዋጁም በ1994 ዓ.ም. እና በ2004 ዓ.ም. ተተካ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሪል እስቴት ልማትንና የንብረት ግመታን የሚመለከት አዋጅ ወጣ። እንግዲህ በ1986 ዓ.ም. የተማረውን ብቻ ይዞ የሚሠራ ደላላ፤ ደንበኛውን በተሻረ ሕግ ይመራዋል ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። ጨፋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከተማ ናት። አንድ የእህል ነጋዴ በመንገዱ ዳር መጋዘን ለመሥራት ቦታ ይፈልጋል እንበል። ደላላው ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሰፊ ማሳ ያሳየዋል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ባለማሳውም የይዞታ ደብተር አለው። ያልተማረ ደላላ ደብተሩን አይቶ «ሕጋዊ ነው» ይላል። የተማረው ግን ደብተሩ የገጠር ይዞታ መሆኑን ይለያል። በአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 መሠረት ባለይዞታው መሬቱን ማከራየትና ማውረስ ሲችል፤ መሸጥ ግን አይችልም። እንዲህ ያለው ሽያጭ በሕግ ፊት አይጸናም። ደላላው አበሉን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ነጋዴው ግን ለዓመታት ያጠራቀመውን ካፒታል በሙግት ላይ ያውለዋል።

በጨፋ ሜዳ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሜዳው የቦርከና ወንዝ የሚያረጥበውና በበጋ አርብቶ አደሮች ከብት የሚያሰማሩበት ስለሆነ፤ ባዶ የመሰለው ቦታ የወል ግጦሽ ወይም ውኃ የሚተኛበት ሊሆን ይችላል። የዞኑ የሥራ ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ነውና፤ ደላላው በዚሁ ቋንቋ የተጻፈውን ሰነድ ማንበብ ወይም በታመነ ሰው ማስነበብ ይገባዋል።

በሌሎች አገሮች ይህ ጉዳይ ለደላላው ፈቃደኝነት ብቻ አልተተወም። ለምሳሌ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ፈቃድ ያለው የቤት ደላላ በየአራት ዓመቱ ፈቃዱን ለማሳደስ 45 ሰዓት ትምህርት መከታተል አለበት፤ በቴክሳስ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ 18 ሰዓት ነው። ትምህርቱም የሕግ ለውጥንና የሙያ ሥነ ምግባርን ያካትታል።

በኢትዮጵያ ከተሞች ላለ የቤት ደላላ በየዓመቱ ሊታደስ የሚገባው ዕውቀት በአራት ይከፈላል።

1ኛ/ የይዞታ ዓይነት፤ ይኸውም ነባር፤ ሊዝ ወይም ገጠር መሆኑን መለየት። በሊዝ ቦታ ላይ ግንባታው ሳይጀመር ወይም በግማሽ ሳይጠናቀቅ መብቱን ማስተላለፍ የተገደበ መሆኑ በ2004ቱ አዋጅ ተደንግጓል።

2ኛ/ የሻጩ ሥልጣን፤ የጋራ ንብረት ከሆነ የሁለቱም ባልና ሚስት ስምምነት፤ ውርስ ከሆነ የወራሾቹ ሁሉ ማስረጃ።

3ኛ/ በንብረቱ ላይ ያለ ዕዳ፤ የባንክ መያዣና የፍርድ ቤት ዕግድ።

4ኛ/ የሙያ ታማኝነት፤ የሚያውቀውን ጉድለት ለገዢ አለመደበቅና ከማን አበል እንደሚቀበል አስቀድሞ መግለጽ።

ይህን ለማስተማር ትልቅ ወጪ አያስፈልግም። የከተማው ማዘጋጃ ቤት የመሬት ሹም፤ አንድ የሕግ ባለሙያና አንድ የባንክ ሠራተኛ በዓመት ለሁለትና ለሦስት ቀን ደላሎችን ሰብስበው ቢያስረዱ ይበቃል። ነጋዴዎችም ድርሻ አላቸው። ሱቅ ወይም መጋዘን የሚፈልግ ሰው ደላላውን «ይህ ይዞታ ምን ዓይነት ነው? ዕዳስ እንደሌለበት የት አጣራህ?» ብሎ ቢጠይቅና መልስ የሌለውን ቢተወው፤ ደላላው ሳይገደድ ይማራል። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው፤ ሳይጠይቅ የሚከፍል ነጋዴም ቤቱንና ገንዘቡን በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል።