የቤት ኪራይና የኤችአይቪ መድኃኒት፦ ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት ለክሊኒካችሁ ንገሩ



የዛሬው ርዕስ ሲታይ የጤና አይመስልም፤ ስለ ቤት ኪራይ ነው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። በተለይ አሜሪካ የምትኖሩ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ ይጠቅማችኋል።

በቅርቡ አንድ የገጻችን ተከታታይ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በኢንቦክስ ጻፉልኝ። ታሪካቸውን እንድነግራችሁ ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸውን የሚያሳይ ነገር ሁሉ አውጥቼዋለሁ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር። «ዶክተር፣ የኤችአይቪ መድኃኒት መኪና ውስጥ ሙቀት ቢመታው ይበላሻል?»

እኔም እንደ ሐኪም መለስኩ። «አዎ ጋሼ፣ ሊበላሽ ይችላል። በሙቀት ወቅት ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ መድኃኒት አይቀመጥም። ቤት ውስጥ፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስቀምጡት» አልኳቸው።

ብዙ ቆይተው መለሱ። «ቤት የለኝም። የምኖረው መኪናው ውስጥ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሥራ ሰዓታቸው ተቀነሰ፤ የሁለት ወር ኪራይ ተጠራቀመ። ክሊኒክ በቀጠሮ ሲሄዱ ነርሷ «ሁሉም ነገር ደህና ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም «ደህና ነው» አሉ። አከራዩ በደብዳቤ ሲያስጠነቅቃቸው፣ ሐበሻው ሰምቶ ሳይሳቀቁ ብለው ቁልፉን አስረክበው ወጡ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ለክሊኒኩ ሶሻል ወርከር እውነቱን ሲነግሯት፣ «ምነው ቤት ውስጥ እያሉ በነገሩኝ!» አለቻቸው። ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የመንግሥት እርዳታ ነበር፤ ግን በዋነኝነት የሚያገለግለው ገና ከቤቱ ላልወጣ ሰው ነው።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህች አንድ ነጥብ ስል ነው።

ቤት ከመድኃኒት ጋር ምን አገናኘው?

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ በየቀኑ የሚወሰድ ነው። በትክክል ሲወሰድ ቫይረሱ በደም ምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። በዚህ ደረጃ የቆየ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይራባል። እየተቆራረጠ ሲወሰድ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል።

ቤት ያጣ ሰው የሚያጣው ጣሪያ ብቻ አይደለም። መድኃኒት የሚያስቀምጥበት ቦታ፣ የሚውጥበት ሰዓት፣ ማንም የማያይበት ጓዳ፣ የቀጠሮ ደብዳቤ የሚደርስበት አድራሻ አብረው ይሄዳሉ። እኔም አዲስ ተመራቂ እያለሁ «መድኃኒቱን ለምን አቋረጡ?» ብዬ ስጠይቅ «ረሳሁ» የሚለውን መልስ ዝም ብዬ ካርዱ ላይ እጽፍ ነበር። ከጊዜ በኋላ «አሁን የት ነው የሚኖሩት?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ያኔ ከ«ረሳሁ» ጀርባ ስንት ነገር እንዳለ ገባኝ።

የአሜሪካ ሕግ ምን ይላል?

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1990 በአውሮፓ አቆጣጠር ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሰዎች የቤት እርዳታ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ፕሮግራሙ «ሆፕዋ» ይባላል። ገንዘቡ ከፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት፣ ከ«ሀድ» ይመጣል፤ ለሰዉ የሚያደርሱት ግን የከተማና የስቴት ቢሮዎችና አብረዋቸው የሚሠሩ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። በሆፕዋ ውስጥ ካሉት እርዳታዎች አንዱ ለአጭር ጊዜ የኪራይ፣ የሞርጌጅና የመብራት፣ የጋዝ፣ የውሃ ክፍያ የሚሸፍነው ነው። በአጭሩ «ኤስ.ቲ.አር.ኤም.ዩ» ይሉታል። ደንቡን በቀላሉ ላስረዳችሁ።

1. ለማን ነው?
ኤችአይቪ በደሙ ላለና ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው፣ አብሮት ለሚኖረው ቤተሰብም ጭምር ነው። ዝቅተኛ ገቢ ማለት በአካባቢው ካለው መካከለኛ ገቢ 80 በመቶ ያልበለጠ ማለት ነው፤ በቤተሰብ ብዛት ይሰላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ! «ሥራ ስላለኝ አይመለከተኝም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እየሠራችሁም ልታሟሉ ትችላላችሁ። ኤድስ ደረጃ መድረስም አያስፈልግም፤ ኤችአይቪ በደም ውስጥ መኖሩ በቂ ነው።

2. ለስንት ጊዜ?
በየትኛውም የ52 ሳምንት ጊዜ ውስጥ ከ21 ሳምንት አይበልጥም። አምስት ወር ገደማ ማለት ነው። ሳምንታቱ የግድ ተከታታይ መሆን የለባቸውም፤ ዛሬ ሁለት ወር ተረድታችሁ ከወራት በኋላ ሌላ ችግር ቢመጣ የቀረውን መጠየቅ ትችላላችሁ። ግን 21 ጣሪያው ነው። የአካባቢው ፕሮግራም በገንዘብ መጠንም በጊዜም ከዚህ ያነሰ ገደብ ሊያወጣ ይችላል፤ በጀቱም ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል።

3. ምን ይሸፍናል? ምን አይሸፍንም?
የተጠራቀመ ወይም መክፈል ያቃታችሁን ኪራይ፣ የራሳችሁ ቤት ከሆነ ሞርጌጅ፣ እንዲሁም መብራት፣ ጋዝና ውሃ ይሸፍናል። ስልክ፣ ኬብልና ኢንተርኔት አይሸፍንም። አዲስ ቤት ለመግባት የሚያስፈልገው ዲፖዚትና የመጀመሪያ ወር ኪራይም በዚህ አይከፈልም፤ ለእሱ በሆፕዋ ሥር ሌላ እርዳታ አለ። ገንዘቡ በእጃችሁ አይሰጥም፤ በቀጥታ ለአከራዩ ወይም ለመብራት ኩባንያው ነው የሚከፈለው።

4. ዋናው ነጥብ፦ ቤት ውስጥ መሆን አለባችሁ
እርዳታው የቆመው ሰው ከቤቱ እንዳይፈናቀል ነው። ስለዚህ የሚኖሩበት ቤት እንዳለና ችግሩም ድንገት እንደመጣ ማሳየት ያስፈልጋል። የሥራ ሰዓት መቀነስ፣ ሕመም፣ ያልታሰበ ወጪ ሊሆን ይችላል። ቁልፉን አስረክባችሁ ከወጣችሁ በኋላ ይህኛው በር ይዘጋል።

ምን ይዤ ልሂድ?

ኤችአይቪ እንዳለባችሁ የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ ወይም የላብራቶሪ ውጤት፣ የገቢ ማስረጃ፣ የኪራይ ውል፣ ከአከራዩ የመጣውን ማስጠንቀቂያ ወይም ያልተከፈለውን ቢል ይዛችሁ ሂዱ። ደብዳቤውን የሚጽፈው ክሊኒካችሁ ስለሆነ ለነርሷ ወይም ለሶሻል ወርከሯ «ኪራይ ሊያቅተኝ ነው፤ ሆፕዋ የሚባለውን ልጠይቅ እፈልጋለሁ» በሉ። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ናት።

አንድ የሐበሻ ችግር አለ። ብዙ ሰው ከወገኑ ላይ ክፍል ወይም ቤዝመንት ያለ ውል ይከራያል፤ በጥሬ ገንዘብም ይከፍላል። እንዲህ ከሆነ ቤቱ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ እንደምትኖሩና ኪራይ እንደምትከፍሉ ማሳየት ይከብዳል። ችግር ሳይመጣ ከአከራያችሁ የተፈረመ ወረቀት ያዙ። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ካልሆነም በባንክ ክፈሉ።

«ምስጢሬ ይወጣ ይሆን?»

ጋሼን ዝም ያሰኛቸው የኪራዩ ዕዳ ብቻ አልነበረም። «ለአከራዩ ቼክ ሲላክለት በሽታዬን ያውቃል ብዬ ፈራሁ» ነው ያሉኝ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን የፌዴራሉ ደንብ እርዳታውን የሚሰጡ ሁሉ የተረጂውን ስምና መረጃ በምስጢር እንዲጠብቁ ያስገድዳል። እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት «ቼኩ በምን ስም ነው የሚወጣው? ፖስታው ላይስ ምን ይጻፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሌላው ፍርሃት አስተርጓሚ ነው። «የሚያስተረጉመው ሐበሻ ቢያውቀኝስ?» ትላላችሁ። ዲሲ ውስጥ በ2004 የወጣ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ፤ አማርኛ ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንዲሰጣችሁና ስማችሁ እንዳይነገረው ጠይቁ። ልጃችሁን ወይም የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ ለመውሰድ አትገደዱም።

የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የሚያሳስባችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ኤችአይቪ ወደ አሜሪካ ከመግባት የሚከለክልበት ሕግ ከጃንዋሪ 4 ቀን 2010 ጀምሮ ቀርቷል። በወረቀታችሁ ጉዳይ ጥያቄ ካላችሁ ፎርም ከመፈረማችሁ በፊት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ጠበቆችን አማክሩ፤ ጓደኛ የነገራችሁን ሰምታችሁ ብቻ አትተዉት።

ከቤት ወጥቼ ከሆነስ?

አለቀ ማለት አይደለም። ሆፕዋ ለአጭር ጊዜ የሚያርፉባቸውን ማቆያ ቤቶችም ይደግፋል። እዚያ በየትኛውም የስድስት ወር ጊዜ ውስጥ እስከ 60 ቀን መቆየት ይቻላል። ደንቡ በተቻለ መጠን ወደ ቋሚ ቤት የሚገቡበት ዕድል እንዲመቻችላችሁም ያዛል። የ21 ሳምንቱም ሆነ የ60 ቀኑ ገደብ አልበቃ ሲል፣ ድርጅቱ ቋሚ ቤት ለማግኘት ከልቡ መጣሩን አሳይቶ ገደቡ እንዲነሳ ሀድን መጠየቅ ይችላል። ውሳኔው ግን ለእያንዳንዱ ጉዳይ ለብቻው ነው፤ ሁሌም ይፈቀዳል ማለት አይደለም። ከዚህ በተጨማሪ ለረጅም ጊዜ የሚሰጥ የኪራይ ድጎማ አለ፤ ወረፋው ግን ረጅም ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ተመዝገቡ።

ጋሼ የሄዱት በዚህ መንገድ ነው። መጀመሪያ ማቆያ፣ ቀጥሎ በዲፖዚት እርዳታ አንድ ክፍል አገኙ። መድኃኒታቸውን እንደገና በወጉ ጀምረዋል። ባለፈው ሲጽፉልኝ «አሁን መሳቢያ አለኝ» አሉኝ። መድኃኒታቸውን የሚያስቀምጡበት መሳቢያ! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ያለኝ ያህል ከፋኝም። ያን ሁሉ ሳምንት መኪና ውስጥ ባላደሩ ነበር።

አገር ቤት ላላችሁ

እኔ የምሠራበት ጤና ጣቢያ ለኪራይ ብዬ የምጽፈው እንዲህ ያለ ደብዳቤ የለም። ሕክምናውን ግን ቤት መቀየር ሊያቋርጠው አይገባም። ሰፈር ስትቀይሩ ለክሊኒኩ ንገሩና የዝውውር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ሁኔታችሁ የተረጋጋ ከሆነ የሦስት ወይም የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ ይሰጣችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ስልክ ቁጥራችሁ ሲቀየር አስመዝግቡ። «የት ነው የምትኖሩት?» ብለን ስንጠይቅ ለወሬ እንዳልሆነ እወቁልን።

በመጨረሻ አደራ፦ የራሳችሁን ሁኔታ ኮሜንት ላይ አትጻፉ፤ ለክሊኒካችሁ ንገሩ። ጽሑፉን ግን ሼር አድርጉት። ማን እንደሚያነበው አታውቁም፤ «ደህና ነኝ» እያለ ቁልፉን ሊያስረክብ የተዘጋጀ ሰው ሊሆን ይችላል።