«እግዚአብሔር ይስጥህ» ብሎ ማለፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን የዘረጋ ነዳይ ስናይ ብዙ ጊዜ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለን እናልፋለን። ቃሉ ጸሎት ነው፤ መልካም ነው። ነገር ግን በኪሳችን ኖሮ ስንለው ምን ማለታችን ነው? ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ የራበውንና የታረዘውን ወንድም የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ በቃል ብቻ ማሰናበት ምንም እንደማይጠቅም አስተምሮናል (ያዕ. 2፥15-17)።

ጌታችን ስለምንበላውና ስለምንለብሰው እንዳንጨነቅ የሰማይ ወፎችን አሳይቶናል (ማቴ. 6፥25-34)። «ታዲያ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሀብ ሲያልቅ እግዚአብሔር የት ነበረ? እምነት አንሷቸው ነው እንዴ?» የሚል ሰው ይኖራል። በፍጹም! ያን ጊዜ በሌላው የአገራችን ክፍል እህል ነበረ። የራበው ግን መግዣ አጣ፤ ችግሩም ተደበቀ። የእግዚአብሔር መግቦት አልጎደለም፤ የዘገየው የሰው እጅ ነው።

እግዚአብሔር ነቢዩ ኤልያስን አስቀድሞ በቁራ መገበው፤ ኋላ ግን ወደ አንዲት ድሀ መበለት ላከው (1ኛ ነገ. 17)። እርሷም ለራሷና ለልጇ ከቀረችው እፍኝ ዱቄት አስቀድማ ለነቢዩ ጋገረች። ልብ በሉ! መጽሐፍ ማድጋው ሞልቶ ፈሰሰ አይልም፤ ዱቄቱ አላለቀም ነው የሚለው። ስለዚህ ምጽዋት እጥፍ ትርፍ የሚጠበቅበት ንግድ አይደለም። «የነገውን እርሱ ያውቃል» ብሎ ከዛሬው ላይ መቁረስ ነው።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት አባታችን አቡነ ኢየሱስ ሞአም ያላቸውን ለራሳቸው አላስቀሩም። ያስጻፉትን ወንጌል ለገዳሙ ሰጡ፤ እስከ ዘመናችንም ደርሷል። ከሸዋ የመጡትን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ተቀብለው ለዓመታት አስተማሩ። ደቀ መዝሙሩም ከዚያ ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ፤ በኋላም በሸዋ ደብረ ሊባኖስን መሠረቱ። ሐይቅ ልጇን ሰጠች እንጂ አልጎደለባትም፤ ስሟ እስከ ዛሬ የሚጠራው በሰጠችው ነው።

ይህ ትምህርት ደግሞ ያለ ገበሬው ቁራሽ አይቆምም። የአብነት ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ የምትሰጠው እናት ተርፏት አይደለም። ከልጆቿ መሶብ ቆርሳ ነው። እኔም ይህን የምጽፍላችሁ በዚያ ቁራሽ ተምሬ ነው። ተማሪው «እግዚአብሔር ይመግበኛል» ብሎ ከቤቱ ይወጣል፤ እግዚአብሔርም የሚመግበው በዚያች እናት እጅ ነው። እርሷ በሯን ብትዘጋ የልጁ እምነት ይፈተናል።

እንግዲህ በዚህ ጾም እንጠያየቅ። የተውነው ቁርስ፣ የሥጋውና የቅቤው ዋጋ የት ገባ? ለራሳችን ካስቀመጥነው ቁጠባ እንጂ ጾም አይባልም። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የሚወደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ነግሮናል (ኢሳ. 58፥7)። ስለዚህ ከጾም የተረፈውን በየዕለቱ ለይተን እናስቀምጥ። ለመለመን የሚያፍረውን ጎረቤታችንንም እስኪጠይቀን አንጠብቅ፤ ማታ በሩን እናንኳኳ። በእውነት የሌለን ቀን ደግሞ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ስንል ፊታችንን አናዙር፤ ዐይኑን አይተን ከልባችን እንበል። ያለን ቀን ግን እግዚአብሔር እንዲሰጠው የምንለምንለት ነገር በእኛው እጅ እንዳለ አንርሳ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።